የወፍጮ ቃል በስም ሊወጣ ነው

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ የዛሬን እመኚኝ። ሌላውን ጊዜ ተዪው፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ፣ ከአንቺ ሌላ የሚያምነኝ የለም። ልምምድ አልቆ አዳራሹን እየጠረግሁ ነው፣ መጥረጊያው ብብቴ ውስጥ ነው፣ ፊደሌ ተንጋዶብሻል።

የኪነት ማኅበራችን መጽሔት ሊለወጥ ነው። አዲሱ አዘጋጅ መ/ር ናሁ ዛሬ በሩ ላይ አቁሞ ነገረኝ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አንቺና እኔ ነን። ከእንግዲህ ዘፈን የሰጠ ሰው ሁሉ ስሙ ይወጣል፣ ሰፈሩ ይወጣል፣ ፎቶው ይወጣል አለ። የመጀመሪያዋ ያንቺ እህት ናት አለኝ፣ ደስ ይበልሽ ብሎ። ያስፈራል አልኩት። ሳቀ። የዳንግላው መንገድ ነው ወይ አለኝ።

የዳንግላውን ታውቂያለሽ። ልንጫወት ልንሄድ ስንል መንገዱ ተዘግቷል አሉ አልኩ፣ መናኸሪያ የሰማሁትን ነው ያልኩት፣ ጉዞው ቀረ፣ መንገዱ ግን ክፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምለው ሁሉ ሳቅ ነው። ከበሮ መቺው ደመላሽ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ስል እንኳ ልብሱን አውጥቶ ያሰጣል፣ እሷ ዝናብ ካለች ፀሐይ ነው ይላል።

ደክሞኛል። ገና ግማሹን አልጠረግሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስብሰባ። ሁላችንም ነበርን፣ ዘፋኙም ተወዛዋዡም።

መ/ር ናሁ የድሮውን መጽሔት ይዞ ገጽ በገጽ ገለጠልን። ሁሉም ላይ ከዘፈኑ ሥር «ከአንዲት እናት የተገኘ» ይላል። ይቺ አንዲት እናት ማን ናት አለ። ስም የላትም ወይ፣ ፊት የላትም ወይ። ዘፈኗን ወሰድን፣ እሷን ጣልናት፣ ይሄ ስርቆት ነው አለ። እስካሁን ያወጣነው የፈረስ ፎቶና የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይበቃናል፣ ከአሁን በኋላ ገጹ የባለቤቱ ነው አለ። ደመላሽ የድሮው መድረኩ ሥር ተቆልሎ አይጥ ነው የሚያነበው አለና ተሳቀ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ልቤ ተነክቷል። ውሸት አልተናገረም። እነዚያን ሴቶች አይቻቸዋለሁ፣ አገውኛ ስለምችል ስልክ ሰጥተው የሚልኩኝ እኔን ነው፣ እየዞርኩ የምቀዳው እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ይሄ ትልቅ ሥራ ነው።

ከዚያ ግጥሙን አነበበው። የእህቴን። ታላቄ የሻረግ፣ እኔ እታለም ነው የምላት፣ አዲስ ቅዳም ዳር ያገባችው። የወፍጮ እንጉርጉሮዋ። እሷ በአገውኛ ነው ያለችው፣ በአማርኛ ሲመጣ እንዲህ ሆነ፦

ድንበር በእግሩ አይሄድ፣ ምን አሻገረው፣
የኔ ሰው ነው እንጂ ሌሊት ያዘለው።

ወርቅ ነው አለ መ/ር። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ወንበሩን ያዝኩ።

ደብተሬ፣ አንቺ አፍ የለሽም፣ ለአንቺ ልናገር። ግጥም ብቻ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። የእታለም ባል አያ ስማቸው የድንበሩን ድንጋይ ወደ አያ ታደገ መሬት ገፍቶታል። አያ ታደገ የአጎቱ ልጅ ነው፣ ማሳቸው ይዋሰናል። በተገፋው ላይ ዲከረንስ ተከለበት፣ ዛፉ ደረሰ፣ ቆርጦ ከሰል አደረገው፣ ሸጠው። አያ ታደገ ሲጮህ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አያ ስማቸው አልነካሁም ብሎ ማለ። ነገሩ በመሐላ ተዘጋ። እዚያ አገር ለድንበር ሰው ይሞታል፣ አንዱ ከሞተ ደግሞ ደም ነው፣ የእታለም ልጆች ወንዶች ናቸው።

እና እሷ ይሄን ያለችው ወፍጮ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የወፍጮ ቃል አይያዝም። ሴት ድንጋዩ ላይ ተደፍታ ስትፈጭ ባሏን ብትሰድብ፣ አማቷን ብትረግም፣ ድንጋዩ ሲቆም ነገሩም እዚያው ይቆማል። ወንድ የወፍጮ ድምፅ ከሰማ ከቤት ይወጣል፣ ቆሞ የሚያዳምጥ ወንድ ይናቃል። የሰማች ሴትም አውጥታ አታወራም፣ ካወራች ከሌባ አትሻልም። አሁን የሞተር ወፍጮ መጥቶ ድንጋዩ ለብቅል ብቻ ነው የቀረው፣ ሕጉ ግን አለ። እኔም ስቀዳት ስም አይወጣም ብያታለሁ፣ ያኔ አይወጣምና።

እጄን አነሳሁ። ያስፈራል አልኩ። ምኑ ነው የሚያስፈራው አለኝ፣ በደንብ ነው የጠየቀኝ፣ ጠበቀኝ። ዝም አልኩ። ብናገር የወፍጮ ቃል ማውጣቴ ነው፣ ባልናገር ፈሪ ነኝ። ደመላሽ ከኋላ ፈሪ ለእናቱ አለ። ተሳቀ። ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትናንት አልጻፍኩልሽም። አልቻልኩም።

ዛሬ ጋሼ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። የድሮውን መጽሔት ሲያዘጋጁ የኖሩት እሳቸው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ከቤታቸው ጀርባ ድንች ይቆፍራሉ። ስለ አዲሱ መጽሔት ነገርኳቸው፣ የእህቴ የወፍጮ እንጉርጉሮ ከነስሟ ሊወጣ ነው አልኳቸው። ምን እንዳለች አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ ዶማቸውን አቆሙና አዩኝ።

«እኔ ስም ሳላወጣ የኖርኩት ስም ጠልቼ መሰለሽ?» አሉኝ። ወፍጮ እኮ ድምፅ ነው አሉ። ድንጋዩ እየጮኸ ነው ቃሉ የሚሸፈነው፣ ወረቀት ላይ ድንጋዩ አይጮህም።

ታዲያ ይንገሩልኝ አልኳቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እምቢ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ከተናገርኩ ቅናት ነው የሚባለው። ሽማግሌው ወንበሩ ቆጨው ይባላል። አንቺ ሂጂና እህትሽን ጠይቂያት፣ እሷ እንቢ ካለች ማንም አያወጣውም» አሉ።

ይሄን እንዴት አላሰብኩትም። እንቢ ትላለች። በቃ፣ አለቀ። ድንች በፌስታል ሰጡኝ፣ ተሸክሜ ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር።

መ/ር ናሁም ሂጂ አለኝ። ፈቃዷን በድምፅ ቅጂልኝ፣ ፎቶም አንሺያት አለኝ። እሱ ለፈቃድ ነው የላከኝ፣ እኔ እንቢታ ላመጣ ነው የምሄደው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ በጭስ ታፍኗል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እንባው የጭስ ይሁን የኔ አላውቅም። እታለም ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። ልምምድ ላይ እስክስታው ጠፋብኝ፣ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል። ደመላሽ፣ ከበሮው ወደዚህ ነው እህቴ አለኝ።

ነገ ጠዋት በሚኒባስ አ/ቅዳም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ከአ/ቅዳም መልስ

ከየት ልጀምርልሽ። አልሆነም። እንዳሰብኩት አልሆነም።

ገበያ ነበር፣ መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፣ ከሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እታለም በር ላይ ድንች ትልጣለች። አያ ስማቸው ገበያ ወርዷል አለች። ጥሩ ነው አልኩ በሆዴ።

ቁጭ አልኩና ነገርኳት። መጽሔቱ ተለወጠ፣ ስምሽንና ፎቶሽን ሊያወጡ ነው አልኳት። እንቢ በይ ልላት አፌን ስከፍት፣ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የኔን ፎቶ?» አለች።

አዎ አልኳት።

«እቱ፣ የኔ ፎቶ ያለው የመሬት ደብተሩ ላይ ነው፣ እሱም ከሱ ጋር ተለጥፌ። ለብቻዬ ፎቶ የለኝም» አለች። ሳቀች። እሷ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ተነስታ ነጠላ ቀየረች፣ ፀጉሯን አስተካከለች።

እታለም፣ ዘፈኑ እኮ የወፍጮው ነው አልኳት። ያ የድንበሩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ግድግዳውም እንዳይሰማ።

የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ከዚያ፣ እሱማ የወፍጮ ቃል ነው አለች፣ ማን ይይዘዋል። ወረቀት ነው፣ ወረቀት ይያዛል አልኳት። «ወረቀቱ ላይ የወፍጮ እንጉርጉሮ ተብሎ አይጻፍም?» አለችኝ። ይጻፋል አልኩ። «እንግዲያስ። ያነበበው ሁሉ የወፍጮ መሆኑን ያውቃል፣ ሰው ነውሩን ያውቃል። አንቺ ደግሞ ሁሌ ድንጉጥ ነሽ፣ ልጅ ሆነሽም የራስሽን ጥላ ትሸሺ ነበር።»

ባሕር ዳር ያለ ሰው የወፍጮን ሕግ አያውቅም አልኳት። ባሕር ዳር ያለ ሰው ባሌንም አያውቅ አለችኝ። ለዚህ ምን ትመልሺላታለሽ?

ምንም። ፎቶ አነሳኋት። ከበሩ ፊት፣ ቆማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ፈቃዷንም ቀዳሁ። የሻረግ እባላለሁ፣ ስሜ ይውጣ አለች፣ ስልኩን እንደ ታቦት እያየች።

ልወጣ ስል አያ ስማቸው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ያ ነው የሚያስጨንቀኝ፣ ከገበያ ሸንኮራ ገዝቶልኝ ነበር። መጽሔቱን ስትነግረው ፊቱ በራ። «የኔን ሚስት? የሠርጉን ዘፈን ነዋ፣ በሠርግ ላይ እሷን የሚያህል የለም» አለ። እታለም አዎም አይደለምም አላለችም። የሠርጉንም ቀድቼዋለሁ፣ ስልኬ ውስጥ አለ። ሸንኮራውን ይዤ ወጣሁ።

ደክሞኛል ደብተሬ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ድምፁን ልሰርዘው ነበር። ጣቴን አስጠግቼ ተውኩት። ሳዳምጠው የእታለም ድምፅ ነው፣ ስሜ ይውጣ ትላለች፣ እንዴት ልሰርዘው። ለመ/ር ናሁ ላክሁለት፣ ፎቶውንም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሮ አስጠራኝ። ፎቶውን በኮምፒውተር ትልቅ አድርጎታል። እታለም ግድግዳ አክላለች። ቆንጆ ናት፣ አላውቅም ነበር ቆንጆ መሆኗን፣ ይመስገን አልኩ ሳላስበው።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። መምህር፣ ሌላ ዘፈን ያድርጉት፣ የሠርግ አላት አልኩት። የሠርግማ የሞላ ነው አለ፣ ይሄ ግን የራሷ ነው። ለምን አለኝ እንደገና። ምላሴ እምቢ አለኝ፣ ነውር ነው እኮ፣ እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ነው።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደክሞት አየኝ። «የዘፈኑ ባለቤት ፈቅዳለች፣ በገዛ አፏ። አንቺ ማን ነሽ የምትከለክያት? እኛ ሁላችን ስንከለክላት ነው የኖርነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ይሄ ነው የሚያሳብደኝ፣ እውነቱን ነው። ከዚህ በኋላ መቅዳቱ ከከበደሽ መወዛወዙን ብቻ ያዢ አለኝ።

ነገ ጠዋት ወደ ባ/ዳር ይሄዳል፣ ማተሚያ ቤት ፍላሹን ሊሰጥ። ለጽዮን ማርያም እንዲደርስ።

ምናልባት እታለም ትክክል ናት። ማን ያነበዋል። አይጥ። እንዲህ ብዬ ራሴን አስተኛለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከሰዓት

ደብተሬ።

አያ ስማቸው ደወለ። ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፣ ሳቁ ጆሮዬን አደነቆረው። መጽሔቱ ለጽዮን ይደርሳል አይደል አለኝ። ለምን አልኩት። የጽዮን ማኅበር የዘንድሮው ተረኛ እኛ ነን አለ፣ አገር ይሰበሰባል፣ መሃል ላይ አስነብበዋለሁ፣ ሚስቴን ይስሙልኝ አለ። እሱ ማንበብ አይችልም። ማን ያነበዋል አልኩት።

አያ ታደገ አለኝ።

ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ የለ፣ ከማኅበሩ እንደሱ የሚያነብ የለም አለ። ከመሐላው ወዲህ ተኳርፈን ነበር፣ እኔው ሄጄ ለመንኩት፣ ደስ ብሎት እሺ አለ፣ በዚሁ እንታረቃለን አለ። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። አያ ታደገ ተነስቶ ይቆማል፣ ጠላ ይዞ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ስሟን፣ ከዚያ ድንበሩን። በገዛ አፉ። ታየኝ። ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ የሚሆነው ታየኝ።

እታለምን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ። እሱ አጠገቧ ነው፣ አገውኛ ብናወራም ይሰማል። እታለም፣ ማን እንደሚያነበው ሰምተሻል አልኳት። ሰምቻለሁ አለች። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። ያ የወፍጮ ሕግ፣ ያ ማን ይይዘዋል ያለችው፣ ሁሉ የለም። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ያንን የሠርጉን ቀድተሽ ነበር አይደል? እሱ ነው የሚያምር» አለችኝ። ብቻ ይሄን። ስልኩን መልሳ ሰጠችው።

ለመ/ር ናሁ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። ደግሞ ደወልኩ። ከዚያ ማግኘት አይቻልም አለችኝ ሴትየዋ። ማተሚያ ቤቱን አላውቀው፣ ስልኩን አላውቀው። ደመላሽ ጋ ሮጥኩ፣ በሱ ስልክ ሞክርልኝ አልኩት። ደግሞ የቱ መንገድ ተዘጋ አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። ሞከረ። አይነሳም። ማሽኑ ነገ ጠዋት ነው የሚጀምር፣ ዛሬ ማታ ግን ፍላሹን ያስረክባል፣ ካስረከበ በኋላ አይለወጥም ብሎኝ ነበር መምህሩ አለኝ። ምን ሆነሽ ነው ንገሪኝ አለኝ። አልነገርኩትም። ወጥቼ አዳራሹ ደጃፍ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ፣ ያው ዛሬ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል

ወሰንኩ ደብተሬ።

መ/ር ናሁ የማያምነኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። የዳንግላው አይደለም። ምኑ ነው ሲለኝ መልስ ስላልሰጠሁት ነው። ማንም ቢሆን ያስፈራል ያስፈራል ብቻ የምትል ሴት አያምንም። እና ልናገር ነው። የወፍጮ ቃል ላወጣ ነው። ነውሩ የኔ ይሁን፣ እናቴ በመቃብሯ ትታዘበኝ፣ እታለምም ካሻት ትጥላኝ። ለአንድ ሰው ባወጣው ለአገር ሁሉ አይወጣም።

ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቻለሁ፣ የሠርጉን ዘፈን ልኬለታለሁ። መልእክቱን መጀመሪያ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ስልኩ ላይ እጄ ይሳሳታል። ከዚያ እያየሁ እገለብጠዋለሁ።

መምህር፣ እኔ ነኝ። ደውዬ ደውዬ አላነሱም። ምኑ ነው የሚያስፈራው ብለው ሁለቴ ጠይቀውኛል፣ ዝም ያልኩት ሴት ወፍጮ ላይ ያለችውን ማውጣት እኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ነው። አሁን ነውሩን አደረግሁት። የእህቴ ግጥም የሆነ ነገር ነው። ድንበር የገፋው ባሏ ነው፣ አልነካሁም ብሎ ምሏል። የተገፋው የአጎቱ ልጅ አያ ታደገ ነው፣ የጽዮን ዕለት መጽሔቱን ተነስቶ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው፣ ባልየው ግጥሙን ሳያውቅ ለምኖት። እህቴም ይሄን ዛሬ ነው የሰማችው፣ አሁን የሠርጉ ዘፈን ይሁን ትላለች፣ ባሏ አጠገቧ ስለነበር ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም። እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ስሟ ይውጣ፣ ፎቶዋም ይውጣ፣ ያንን አይንኩባት፣ ቀና ብላ ነው የተነሳችው። ዘፈኑን ብቻ ይለውጡልኝ። የሠርጉን በቴሌግራም ልኬዋለሁ፣ አማርኛውን እንደሆነልኝ ሞክሬዋለሁ፣ ያርሙት። ሁለተኛ አትቅጂ ካሉኝም እሺ ነው፣ እወዛወዛለሁ፣ አዳራሹንም እጠርጋለሁ። ይሄን ያልኩዎትን ለማንም አይንገሩ። ፍላሹን ሳይሰጡ ይቺን ብቻ ይመኑኝ። እዚህ ሲመሽ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ እኔ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እባክዎ ሳይመሽ ይደውሉልኝ